«ስፖርት ሥሩ» ብሎ ማሰናበት ይብቃ

ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ሰው ሁሉ አንዲት ትእዛዝ በቃሉ ያውቃል፤ «ጨው ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ»። ትእዛዟ የምትመጣው መድኃኒቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ታካሚ በሩን ገፋ ሲያደርግ ነው። ሰውየው «እሺ ዶክተር» ብሎ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለስ ክብደቱም ስኳሩም ያው ነው፤ ያኔ ቁጣው ይከተላል። ሰነፍ ይባላል፣ ለራሱ የማያስብ ይባላል። እኔ ጥፋቱን በታካሚው ላይ አልጥልም። ክኒን ሲታዘዝለት መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ይነገረዋል። እንቅስቃሴ ሲታዘዝለት ከእነዚህ አንዱም አይነገረውም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የባህርይ ሕክምና ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው ግልጽ ነው። ባለሙያው ለምን መንቀሳቀስ እንደሚገባ መስበኩን ይተውና መቼ፣ ከየት እስከ የት፣ ከማን ጋር እንደሚሆን ከታካሚው ጋር ይነጋገራል። እንቅፋቱን አስቀድሞ ይፈልጋል፤ የተሠራውን ያስመዘግባል፤ በየቀጠሮው ይጠይቃል።

አንዲት ነርስ ይህን ስትሠራ በቅርብ አይቻለሁ። ታካሚው ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ከታክሲ ቀድመው የት ቢወርዱ ይመችዎታል?»

«ሳር ቤት።»

«በየትኞቹ ቀናት?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ይሁን።»

«ዝናብ ከሆነስ?»

ዝም አሉ። ብዙ እቅድ የሚቀረው እዚህች ላይ ነው። አብረው ሲያስቡ፣ ዝናብ በጣለ ቀን ማታ የብሎካቸውን ደረጃ ሊወጡና ሊወርዱ ተስማሙ። «የመሥሪያ ቤት ሰው በእግርዎ ሲያይዎትስ ምን ይላል?» ስትላቸው ሳቁ፤ «የታክሲ እንኳ አጣ ይሉኛላ!» አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» እየተባለ ይመሰገናል፣ በእግሩ የሚሄድ ደግሞ «ምን ገጠመህ?» ይባላል። ነርሷ ያንን ሐፍረት ከፍታ ያወጣችው ገና እርምጃው ሳይጀመር ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ደብተር ሰጠቻቸው፤ የተራመዱትን ደቂቃ በየቀኑ የሚጽፉባት። በቀጣዩ ቀጠሮ ሚዛኑ ላይ ከማውጣቷ በፊት የጠየቀቻቸው ደብተሯን ነበር።

ይህ አሠራር በትልቅ ጥናት ተፈትኗል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ጎልማሶችን አሳትፏል። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለ ክኒን ወሰደ። ለሌላው አሠልጣኝ ተመድቦለት፣ 16 ትምህርቶች ተሰጥተውት፣ አመጋገቡን እንዲያስተካክልና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ለንጽጽር ከተያዘው ቡድን አንጻር ክኒኑ በስኳር የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ሲቀንስ፣ የአሠልጣኙ እገዛ በ58 በመቶ ቀነሰው። የአመጋገቡ ድርሻ እንዳለበት አልክድም። ግን ልብ በሉ፤ ክኒን የወሰዱትም ሆኑ ለንጽጽር የተያዙት «ተንቀሳቀሱ፣ አመጋገባችሁን አስተካክሉ» የሚለው የተለመደ ምክር ደርሷቸው ነበር። ያልነበራቸው አብሮ የሚያቅድና የሚከታተል ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ በቂ እንቅስቃሴ እንዳላደረገ አስታውቋል። ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ ማሳው የሚወርደው ገበሬያችን ይህ አይመለከተውም። የሚመለከተው ከታክሲ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሶፋ የሚያልፈውን ከተሜ ነው። ለእሱም ቢሆን ምንም አልተደረገም ማለት አይቻልም፤ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ተጀምሯል፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ደስ ይላል። ይሁንና ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰን ሰው መንገድ ብቻውን ከሶፋው አያስነሣውም።

«ሥነ ልቦና ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ተመሳሳይ እጥረት ሲገጥመው የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ የተጨነቁ ሰዎችን እንዲያነጋግሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በእነሱ የታገዙ ሰዎች የድባቴ ምልክታቸው በእጅጉ እንደቀነሰ አሳየ። ድባቴና አለመንቀሳቀስ አንድ አይደሉም። ግን ችግርን አብሮ ፈትቶ እቅድ ማውጣት ዲግሪ ባላቸው እጅ ብቻ ያለ ሙያ አለመሆኑን ማሳየቱ ለእኔ ይበቃኛል። እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ነርሶች አሉን። ሥራ በዝቶባቸዋል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ከክትትል ክፍሎች እንጀምር። ታካሚው ወረፋ ይዞ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት አንዲት የሠለጠነች ነርስ ስምንት አሥሩን ሰብስባ ማነጋገር ትችላለች። የአንድ ሰፈር ሰዎች እዚያው ይገናኛሉ፤ ንጋት ላይ ጨለማውንና ውሻውን ፈርተው የሚቀሩ እናቶች አብረው የሚወጡበትን ቀን ይቆርጣሉ።

ጤና ሚኒስቴር የክትትል ካርዱ ላይ ከደም ግፊቱና ከስኳሩ መጠን ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር፤ ታካሚው ባለፈው ሳምንት ስንት ደቂቃ እንደተንቀሳቀሰ፣ ምን እንዳሰናከለውና ለቀጣዩ ሳምንት ምን እንደተስማማ የሚጻፍበት። ለነርሶቹም የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይመደብ።