እንፋሎት መብራት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት በተነሳ ቁጥር ባለሥልጣኑ የሚቆጥረው ሜጋ ዋት ብቻ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ተተክሎበት፣ ሲቆም ሲነሳ ኖሯል። ይሁን። ግን የእንፋሎቱ አብዛኛው ሙቀት ኤሌክትሪክ ሳይሆን ይቀራል፤ ያን ማን ጠየቀ?

ቆሮሶ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ውኃ በቅጡ አያድግም፣ አይራባም። ኬንያ ሜኔንጋይ ላይ የዓሣ ኩሬ በጉድጓዱ ሙቀት አሙቃ ሞክራዋለች። «ማዕድኑ ዓሣ ይገድላል» የሚለው መልስ አይሆንም፤ ሙቀቱ በቧንቧ ግድግዳ ይተላለፋል እንጂ ውኃው ከውኃ አይቀላቀልም።

እርግጥ ሙቀቱ ከስምጥ ሸለቆ ቢቸናና ሞጣ አይደርስም። በሙቅ ገንዳ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ተጭኖ ዓባይ ድልድይን ይሻገራል፤ ሸለቆው ቆላ ላይ የሚቆፈር ኩሬ የሚጠብቀው እሱን ነው። ለአንድ ሙከራ ገንዳ የሚወጣው ወጪ ስለ እንፋሎት ከሚደረግ አንድ ዓውደ ጥናት አበል ይበልጣል?