ዘመድ እያለ ሆቴል?

«ዘመድ እያለ ሆቴል?» አሉኝ አጎቴ በስልክ። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነበር። እኔም እንደ ተፈረደበት ሰው ዝም አልኩ። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ ተነሥቻለሁ። አጎቴን ለመዝለፍ ግን አይደለም፤ በአንደበታቸው የተናገረው የሁላችንም ልማድ ነውና ሙግቴ ከልማዱ ጋር ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር እኔና ባለቤቴ ከምንኖርበት ከሲያትል ተነሥተን በዋሽንግተን በኩል አዲስ አበባ ማለዳ ላይ ደረስን። የጉዟችን መጨረሻ ግን ጅማ ነበር፤ የባለቤቴ እናት ያሉት እዚያ ነው። የጅማው በረራ በማግስቱ ጠዋት ስለ ነበር፣ ለማንም ሳንናገር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሳንርቅ አንድ ሆቴል ገባን። መጋረጃውን ጋረድን፤ ስልካችንን ዘጋን፤ ገላችንን ታጥበን ተኛን። ከሰዓት በኋላ ነቅተን ሾርባ ጠጣን፤ ከመስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሚነሡትን አውሮፕላኖች አየን። እርሷ የቀን፣ እኔ የሌሊት ተረኛ ሆነን ስንኖር እንደዚያ ያለ ሥራ የሌለበት ቀን አብረን ያሳለፍንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ብዙም ሳናወራ ደግመን ተኛን። ወንጀላችን ይኸው ነው። በማግስቱ ሻንጣችንን እየጎተትን ስንወጣ የአጎቴ ጎረቤት ልጅ አየችን፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጅማ ደረሰ።

ይህን ያደረግነው ለምን እንደ ሆነ ለመናገር ወደ 2011 ዓ.ም. መመለስ አለብኝ። ያን ጊዜ የባለቤቴ አባት ታመው ልንጠይቃቸው መጣን፤ እንደ ወጉም አደረግን። ከማረፊያው በር ላይ ሃያ ያህል ሰው አበባ ይዞ ተቀበለን። ቤት ስንደርስ በግ ታርዷል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። እንጀራው ተነሥቶ ቡናው ቀረበ፤ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ። ሻንጣው ተከፈተ፤ የእገሌ ጫማ፣ የእገሊት መድኃኒት እየተባለ ታደለ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። «እንዴት ጨክናችሁ ትተኛላችሁ? ስንት ዓመታችን!» ይባላል። ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት እንዲህ ሆነ።

ጅማ ስንደርስ ባለቤቴ ቆማ የምትሄድ እንቅልፍ ነበረች። ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። እርሳቸውም እጇን ይዘው በቀስታ ብዙ ነገር አወሯት። «እሺ አባዬ፤ እሺ አባዬ» ትላለች። ከተመለስን በሁለተኛው ወር መርዶው መጣ። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ ሌሊት ትነሣና «ምን ነበር ያለኝ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? እኔም ከጎኗ ወንበር ላይ አንቀላፍቼ ነበር።

እንግዲህ ፈራጆች ሆይ፣ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

አንደኛው ክስ «ሰውነታችሁ ተቀማጠለ» የሚል ነው። በክረምታቸው ወራት ሲያትል እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱም ቀን ሆነ ማለት ነው። የሰው አካል ይህን ልዩነት የሚያስተካክለው ቀስ በቀስ፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየገፋ ነው። በዚህ ላይ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ተነሥቶ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መውጣት አለ። ከደጃችን ወጥተን ቦሌ እስክንደርስ ከአንድ ቀን በላይ በወንበር ላይ ነበርን። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው አስቀምጦ ማጫወት ፍቅር ሊመስል ይችላል፤ የሚጫወተው ሰው ግን እዚያ የለም። አካሉን ተቀብላችሁ ልቡናውን መንገድ ላይ ትታችሁታል።

ሁለተኛው ክስ «ፈረንጅ ሆናችኋል፤ ይህ የእኛ ወግ አይደለም» የሚል ነው። እኔ ደግሞ የእኛን ወግ የረሳችሁት እናንተ ናችሁ እላለሁ። አያቶቻችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ያስገቡት ነበር። ከዚያስ? ውሃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ ያለውን ያቀርቡለታል፤ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው ያስተኙታል። በቤተ ክርስቲያናችን በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር የሚያጥበው የጌታን ትሕትና ለማስታወስ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የደከመን እግር የማክበርን ትምህርትም ይዟል። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ለመጡት እንግዶች ከእንጀራው በፊት የእግር ውሃና የዛፍ ጥላ አቀረበላቸው። ኤልያስም በምድረ በዳ ሞትን እስኪመኝ በደከመ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ አበላው፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው፤ ዳግመኛ ቀስቅሶም ለረጅሙ መንገድ መገበው። ዕረፍት ከባሕር ማዶ የተማርነው ነገር አይደለም። ከእንግዳ አቀባበላችን መካከል ድግሱን ጠብቀን ዕረፍቱን የጣልነው እኛው ነን።

«ማደሪያን በገንዘብ መግዛት ነውር ነው» ለሚለውም መልስ አለ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያቋቁሙ ሕዝቡ ምግብ በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቈጥሮት ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ አስለመዱት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አየር መንገዳችን በ2019 እ.ኤ.አ. ቦሌ ላይ ስካይላይት ሆቴልን ሲከፍት 373 ክፍሎች ነበሩት፤ በ2023 በተመረቀው ማስፋፊያ ክፍሎቹ ከ1,000 በላይ ሆኑ። ከሌጎስ ተነሥቶ ወደ ጓንዡ የሚያልፈው ነጋዴ ቦሌ ላይ ቢያድር ማንም አይቀየመውም። በገዛ አገሩ እንዳያርፍ የተከለከለው የአገሩ ልጅ ብቻ ነው?

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም ይከብዳል፤ «ያን ገንዘብ ለዘመድ ብትሰጡት» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ለአንድ ችግረኛ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። ይህን ስጽፍም ይቈረቍረኛል። ነገር ግን የዚያን ጊዜውን በግ ማን ገዛው? ለስላሳውን፣ ቅቤውን፣ የመኪናውን ኪራይ ማን ከፈለ? ኋላ እንደ ሰማሁት አጎቴ ተበድረው ነበር። ሃያ ሰው የሥራ ቀኑን ጥሎ መጥቷል። እኛ በድካም ያልቀመስነውን ድግስ እርሳቸው ለወራት ከፍለውታል። ሆቴል ያደረ እንግዳ ዘመዱን አዋረደ ከተባለ፣ ዘመዱን ለብድር የዳረገውስ ምን ይባል?

እኔ የምሟገተው ለሆቴል እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ሆቴል የሚገባው ከፋይ ነው፤ የሚደክመው ግን ሁሉም ነው። ከዓረብ አገር የምትመለሰውን እኅታችንን አስቡ። በሰው ቤት ስታነጋ ስታመሽ ዓመታት ኖራ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አስቀድማ ልካ፣ ሻንጣዋን አዝላ ትገባለች። ሆቴል የምትከፍልበት የላትም። እርሷንም በእልልታ ተቀብለን ሻንጣዋን እንከፍታለን፤ እጇን እናያለን። በመጀመሪያው ሌሊት «እስኪ ተኚ፤ ነገ እንነጋገራለን» የሚላት ማን ነው? ዕረፍት በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ነገር ከሆነ፣ ያን ያደረገው የእኛ የቤታችን አቀባበል ነው።

በደላችንንም አልሸሽግም። የተሳሳትነው በአንድ ነገር ነው፤ ዋሽተናል። የምንደርስበትን ቀን በአንድ ቀን አሳልፈን ተናገርን። «ደክሞናል፤ አንድ ቀን ተኝተን እንመጣለን» ማለት እየቻልን እንደ ሌባ ተደበቅን። አጎቴን ያስቀየማቸው ሆቴሉ ከሆነ እከራከራቸዋለሁ፤ ውሸቱ ከሆነ ግን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደግሞም አበባውንና እልልታውን የምንወደው እኛው ስደተኞቹ ነን። በሰው አገር ማንም የማያየን ሰዎች፣ በአገራችን አንድ ቀን እንደ ንጉሥ መታየት ያምረናል። ልማዱን ያቆየነው በሁለት በኩል ይዘን ነው።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ። በማግስቱ ደረስን። በዚያው ምሽት አማቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴ ሕፃን ሳለች በጽኑ ታማ፣ በሌሊት አዝለዋት፣ አዌቱን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሐኪም ቤት እንደ ሮጡ ነገሯት። ዝናብ ነበር፤ ፋኖሱ ጠፋ። አባቷ ከፊት ከፊት እየሄዱ «በዚህ ነው፤ በዚህ ነው» እያሉ በድምፃቸው ብቻ መንገድ መሯቸው። ባለቤቴ ዐይኗን ሳትጨፍን አዳመጠች። ጠየቀች፤ ደግማ ጠየቀች፤ ሳቀች፤ አለቀሰች። አባቷ በ2011 ዓ.ም. ያሏትን ዳግመኛ አታገኘውም። ይህቺን ግን አንዲት ቃል ሳታመልጣት ይዛ ተመልሳለች። የዚያች የቦሌ ሌሊት ዋጋ ይህ ነው፤ ተወደደ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ጋሼ፣ በሚቀጥለው ስንመጣ የምናርፈው እርስዎ ዘንድ ነው፤ ቀኑንም በትክክል እንነግርዎታለን። በጉ ይቆይ፤ ሰውም አይጠራ። ትንሽ ውሃ ያስሙቁልን፤ መጋረጃውን ይጋርዱልን፤ በሩን ገርበብ ያድርጉልን። ያን ጊዜ ከየትኛውም ሆቴል የእርስዎ ቤት ይበልጣል። በማግስቱ ቡናው ይፈላና እስከ በረካው ድረስ፣ ነቅተን፣ የሚሉንን ሁሉ እንሰማለን።