የተዘጋው አዳራሽ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

«ሮቢት» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሸዋ ሮቢት ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሌላኛዋ ነው። የደሴን መንገድ ይዛችሁ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አታዬንና ካራ ቆሬን አልፋችሁ፣ ከሚሴ ከመግባታችሁ በፊት የምታገኟት ጨፋ ሮቢት። በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በፕሪሚየር ሊጋችን ሰንጠረዥ ላይ ስሟን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ታዲያ የስፖርት ገጽ ስለ ጨፋ ሮቢት ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። በደንብ ያገባዋል! እዚያም እንደ እናንተው የአርሰናልና የማንቸስተር ማሊያ ለብሶ የሚከራከር ወጣት አለ። ክርክሩን አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ያስኬደዋል። ጨዋታው አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ግን የት ይሂድ? ጫት ቤት ወይስ ከረንቡላ ቤት? ወይስ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ አስገባሃለሁ የሚለው ደላላ ጋ? ከሚሴና አካባቢዋ፣ ከደቡብ ወሎ ጋር፣ ልጆቻቸውን በብዛት ወደ ዓረብ አገር ከሚሸኙት የአገራችን ክፍሎች መካከል ናቸው። መንገድ ላይ የቀረውን ቤቱ ይቁጠረው።

«ሜዳ ሞልቶ የለ እንዴ፣ ይጫወቱ» የሚል አይጠፋም። የጨፋን ሜዳ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። አገሩ ቆላ ነው፤ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ነው። በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ይዘው የሚመጡበት ለምለም ቦታ ነው። ለከብት ተስማሚ ነው፤ ለኳስ ግን ክረምት ላይ ጭቃው፣ በጋ ላይ ፀሐዩ አያስጫውትም። ሲመሽ ደግሞ መብራት ያለው ሜዳ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወጣቱ የሚያስፈልገው ጣራ ነው።

ጣራው ደግሞ አለ። እንደ ጨፋ ሮቢት ባሉ ትናንሽ ከተሞቻችን ዞር ዞር በሉ። እህል የማይገባበት መጋዘን አለ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲገባ የተወው ቢሮ አለ። ተቋራጭ መንገዱን ጨርሶ ሲሄድ ያስረከበው ካምፕ አለ። በዓመት ሁለት ቀን ለስብሰባ ተከፍቶ የሚዘጋ የቀበሌ አዳራሽ አለ። «የማን ነው?» በሉ፤ «የመንግሥት ነው» ይሏችኋል። «ከመንግሥት የትኛው?» ስትሉ ግን መልስ የለም። ቁልፉ አንዱ ጋ ነው፣ ሰነዱ ሌላው ጋ ነው፣ ኃላፊው ተዛውሯል። በመሃል ጣራው ይዝጋል፣ በሩ ይነቀላል።

ተዘግቶ የተቀመጠ ንብረት አይጠበቅም፤ ያልቃል። ይህን ለማወቅ እዚያው አካባቢ የሚያልፈውን የባቡር መስመር ማየት ይበቃል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አለፉ፤ በ2014ቱ ጦርነትም ንብረቱ ተዘረፈ። የባቡሩ ለባቡር ይሁን፣ ጣቢያ ስጡን አላልንም። ግን የትኛውም ቤት ቢሆን ሰው ሲገባበት ነው ቤት የሚሆነው።

«አዳራሽ ለሌላ ዓላማ መቀየር ከባድ ነው» ለሚሉን ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ እንመልሳቸው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ይኸው ዛሬ ስድስት ኪሎ ስንል ትዝ የሚለን ተማሪው ነው። ቤተ መንግሥት ለወጣት ከተሰጠ መጋዘን እንዴት ይከብዳል? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣም የፒያሳው አትክልት ተራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጃን ሜዳ ገባ። ስፖርተኛው ሜዳውን ያጣው ዓይናችን እያየ ነው። ሜዳን በአንድ ውሳኔ ገበያ ማድረግ ከተቻለ፣ ባዶ መጋዘንን መጫወቻ ማድረግ የሚያቅተው ማንን ነው?

ወደ ኳሷ አገር ብራዚልም እንሂድ። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሥራ ያቆመ የበርሜል ፋብሪካ ነበር። ሊና ቦ ባርዲ የምትባል አርክቴክት ፋብሪካውን ልታይ ስትሄድ፣ ጣራው በሚያፈሰው ውሃ መሃል ወጣቶች እየሳቁ ኳስ ሲጫወቱ አገኘቻቸው። እሷም አላስወጣቻቸውም፤ ግድግዳውንም አላፈረሰችም። ሰስክ ፖምፔያ የተባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፈተ፤ የስፖርት ሜዳዎቹ ደግሞ በ1986 ተጨመሩለት። ልብ በሉ፤ ወጣቶቹ ቀድመው ገብተው ነበር፤ ባለሙያዋ ያደረገችው ያንን ማክበር ነው።

ቁጥሩንም እናስላው። የፉትሳል ሜዳ በትንሹ 25 ሜትር በ16 ሜትር ነው። ቮሊቦል 18 በ9 ይበቃዋል። አንድ መካከለኛ መጋዘን ይህን ይይዛል። ሮናልዲኒሆና ኔይማር እግራቸውን ያሰሉት በፉትሳል እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በአንዱ ጥግ ጠረጴዛ ቴኒስና ጆተኒ፣ በሌላው ጥግ መጻሕፍት ይቀመጡ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ነገሩ ግን ከኳስም በላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በዚህ መንገድ ላይ ሰው ሞቷል፣ አታዬ ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴና ከዚያም አልፎ መጣ። የጨፋ ሮቢትና የአታዬ ልጅ ድሮ በአንድ ገበያ የሚገናኝ ጎረቤት ነው። በየሰፈሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት ወሬ ሲመጣ የሚሰማው የራሱን ወገን ብቻ ነው። አምስት ለአምስት የተጫወተ ግን የሌላኛውን ልጅ በስሙ ያውቀዋል። ፉትሳል ሰላም ያመጣል አንልም፤ እንዲህ ብንል ውሸት ነው። የሚተዋወቁ ልጆችን ማጋጨት ግን ከማይተዋወቁት ይልቅ ይከብዳል።

ይህን ስንል የየዋህ ምኞት እንዳይመስላችሁ። ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው ያለው የወጣቶች ፖሊሲ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የወጣቶች ማዕከል ተሠርቶ ነበር። ስንቱ ነው ቢሮ የሆነው? ስንቱ ነው ለዲኤስቲቪና ለከረንቡላ የተከራየው? አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ አምስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ቤቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በዓመት ተወስኖ ይሰጥ፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር እንዳይነጠቅ። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ወጣቶች ራሳቸው በመረጡት ኮሚቴ እጅ ይሁን፤ ሒሳቡም በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ለሴቶች የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው፤ ኮሚቴው ውስጥም ይግቡ። ካለዚያ የወንዶች ቤት ሆኖ ይቀራል። አራተኛ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት መሐንዲስ ጣራና ግድግዳውን ይይ፤ ጦርነት ያለፈበት ቦታ ከሆነ ያልፈነዳ ተተኳሽ አለመኖሩ ይረጋገጥ። አምስተኛ፣ ተፈናቃይ የተጠለለበትን ቤት ማንም እንዳይነካ፤ መጠለያ ከኳስ ይቀድማል።

እናንተ የከተማ ደጋፊዎችስ? ለአውሮፓ ክለብ ማሊያ የምናወጣውን ብር እናውቀዋለን። የደጋፊ ማኅበሮቻችን አንድ መረብ፣ አምስት ኳስ፣ ያገለገለ ጫማ ሰብስበው በደሴ አውቶቡስ ቢልኩ አይከስሩም። የወረዳው ሹማምንት ደግሞ ከእኛ የማይገኘውን አንድ ነገር ያውጡ። ገንዘብ አይደለም የምንጠይቃቸው። ኪሳቸውን ይፈትሹ፤ ቁልፉ እዚያ ነው።