መርዶ በቫይብሬት

ሰሞኑን ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ነበር። ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ፣ ሊበላው እንደቀረበ ሳምቡሳ አፉ ሥር ይዞ፣ ስለ አንድ ያልተመለሰ ብድር ይጨቃጨቃል። ሾላ ስንደርስ ተበዳሪው የሚስቱ ወንድም መሆኑን አወቅን። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ የብሩ መጠን ተነገረን። ቀበና ላይ ታክሲው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከአበዳሪው፣ ግማሹ ከተበዳሪው ጎን ተሰለፈ፤ ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መቀበሉን ትቶ ያዳምጣል። አራት ኪሎ ልንገባ ስንል ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገና «በቃ፣ አሁን ሰው አለ፣ ማታ እናወራለን» ብሎ ዘጋው።

አሁን ሰው አለ! እስከዚያ ድረስ እኛ ምን ነበርን?

እየሳቅን ወረድን። ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። እንደምታውቁት እኛ ሀገር የጨዋነት ሁሉ መጀመሪያ ሰውን ማየት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ እሳቸውም «በእግዜር!» ይሉናል። እየበላን ሰው ከመጣ «እንብላ» ሳንል እህሉ አይወርድልንም። ሰላምታችንም ከራስ ጀምሮ ቤተሰቡን በሙሉ ሳያዳርስ አያበቃም። ይሄ ሁሉ ሲጨመቅ «አይቼሃለሁ፣ እዚህ መሆንህን አውቄያለሁ» ማለት ነው። ሞባይል የነካብን ይህችን ነው። አጠገባችን ያለው ሰው እንደሌለ፣ የሌለው ደግሞ እንዳለ ይቆጠር ጀመር።

በነገራችን ላይ ስልክ ባለጌ ሆኖ አልተወለደም። የመስመር ስልክ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ በክብር ይቀመጥ ነበር፤ አንዳንዱ ቤትማ ቁልፍ ይቆለፍበታል። ልጅቷን ለማግኘት የፈለገ ጎረምሳ መጀመሪያ አባቷን ማለፍ ነበረበት። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ ይጀምራል፣ «ማን ልበል?» የምትለዋን አስደንጋጭ ጥያቄ በላብ ይመልሳል፣ ከዚያ እድሉ ከቀናው «ቆይ ልጥራት» ይባላል። ስልክ የሌለው ቤት ደግሞ የጎረቤት ቁጥር ይሰጣል። ጎረቤትየው ወጥ እያማሰለች እንኳ ቢሆን አጥር ላይ ቆማ ትጣራለች። ለአንድ ስልክ ስንት ሰው ይመሰገን ነበር!

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ስልክ የቤት መሆኑ ቀርቶ የሰው ሆነ። አባትየው ከመሃል ወጡ። (ጎረምሶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።) ከአባትየው ጋር ግን «እንደምን ዋሉ»ም አብራ ወጣች። አሁን የስልክ ሰላምታ «የት ነህ?» ሆኗል፤ መልሱም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» ነው።

ታዲያ ሥርዓት ማውጣት አቅቶን እንዳይመስላችሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ እንደተዘጋ ቆይቷል። የካርድ ዋጋም ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አልነበረም። በዚያ ዘመን የሀገሬው ወጣት ምን አደረገ? ሚስድ ኮልን ቋንቋ አደረገው። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከሆነ «ውጪ»። ደሞዝተኛው ለተማሪው፣ ያለው ለሌለው መልሶ ይደውላል። እርግጥ ነው ቁጠባ ነበር፤ አንዳንዱም በሚስድ ኮል ኖሮ በሚስድ ኮል ያረጀ ነው። ግን ማንም አዋጅ ሳያወጣልን ማን ለማን እንደሚደውል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያኔ የቻልነውን ዛሬ የማንችልበት ምክንያት አይታየንም።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው መርዶ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው የሞተበት ሰው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ እያለ አይነገረውም። ቢጠይቅ እንኳ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል። እስከዚያ ዘመድና ጎረቤት ይማከራል። ማን አፉን ከፍቶ እንደሚናገር ይመረጣል። ግፊት ወይም ስኳር ካለበት ይታሰብለታል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል፤ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ብዛት ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ሲወድቅ የሚይዙት እጆችም አብረው መጥተዋል። ባሕር ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ይህችን ሥርዓት ይዘው ነው የሄዱት። ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ አባቱ ካረፉበት ጓደኞቹ ተጠራርተው፣ ከሥራ እስኪገባ ጠብቀው፣ ቤቱ ሄደው ነው የሚነግሩት።

ባለፈው ዓመት የአንዲት ጓደኛችን አያት አረፉ። ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። ቤተሰቡ ወጉን ጠብቆ ማታ ቤት ስትገባ ሊነግራት ተሰናድቷል፤ ነጠላ ያዘቀዘቁት ሁሉ እንዳታያቸው ጓዳ ገብተዋል። አንድ የሩቅ ዘመድ ግን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የአያትየውን ፎቶ ከሚበራ ሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈና «ነፍስ ይማር» ብሎ ስሟን ታግ አደረገ። እሷ በዚያች ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነዘረ። የታክሲውን ሂሳብ ለማውጣት ቦርሳዋን ስትከፍት ስክሪኑ ላይ አያቷን አየቻቸው።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። ጮኻ ወደቀች። ከኋላዋ የቆሙ አንዲት እናት ተራቸውን ትተው ወጡና እቅፍ አድርገው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ ውሃ ገዝቶ ሮጠ። ሌላው ስልኳን ወስዶ ወንድሟ ጋ ደወለ። ወንድሟ እስኪመጣ ድረስ የማያውቋት ሴትዮ ነጠላቸውን አልብሰው አብረዋት አለቀሱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቀችም። ያን ጊዜ ፌስቡኩ ላይ ከሻማው ሥር «ነፍስ ይማር» የሚል ሌላ ሰልፍ ይረዝም ነበር። እዚያ ከተሰለፈው አንድም ሰው ልጅቷ ስትወድቅ አልያዛትም፤ ሊይዛትም አይችልም ነበር።

ለጣፊውን ክፉ ነው አንልም። እሱም አዝኗል። ሐዘኑን ቶሎ ማሳየት እንጂ ማንን እንደሚቀድም ማሰብ አልመጣለትም። እውነቱን እንናገር ካላችሁ እኛም ሳናጣራ «ነፍስ ይማር» ያልንባቸው ቀናት አሉ።

«ስልኩን ጣሉት» የምንል እንዳይመስላችሁ። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን የልጆቻቸውን ፊት የሚያዩት በኢሞ ነው። ለቀብር መድረስ ያልቻለ ልጅ በቪዲዮ ቆሞ ያለቅሳል። ለእንዲህ ያለው ቀን ስልክ ይባረክ! ግን ሥርዓት ይበጅለት። ለመጀመሪያ ያህል እነዚህን አራት አንቀጾች አርቅቀናል፤ ማሻሻያ ይፈቀዳል።

አንደኛ፣ ላውድ ለቤት ነው። ታክሲ ውስጥ የሌላውን ጓዳ የመስማት ግዴታ የለብንም። ሌላኛው ጫፍ ያለውም ሰው ሃያ ሰው እየሰማው እንደሆነ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ማዕድ ላይ ስልክ አይቀርብም። መነሳት ያለበት ጥሪ ከመጣ «ይቅርታ፣ ላናግር» ብሎ ወጣ ማለት ነው። «እንብላ» ብለን ጋብዘን ስክሪን ማየት ከስስት ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ለቅሶ ቤት ስንገባ ስልኩ ሳይለንት ይሁን። ድንኳን ውስጥ በዘፈን የጠራ ስልክ ባለቤቱን እንዴት እንደሚያሯሩጥ አይተናል። ሲቆይ ያስቃል፤ ዕለቱን ግን ሐዘንተኛዋ ሰምታዋለች።

አራተኛውን እባካችሁ በቃላችሁ ያዙት። ሰው ሞተ ሲባል ከሰማችሁ፣ ሻማ ከመለጠፋችሁ በፊት ለቅርብ ቤተሰብ ደውሉና «ልጆቹ ሰምተዋል?» በሉ። መልሱ «አልሰሙም» ከሆነ ዝም በሉ። መልስ የሚሰጥ ካጣችሁም ዝም በሉ። የልጅ ወይም የእናት ለቅሶ ሳይሰማ የእኛ ሻማ ሊቀድም አይገባም። ሐዘናችሁ እስከ ነገ ቢቆይ አይበላሽም።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ሞባይላችሁ ላይ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ፊት ለፊታችሁ አንድ ጓደኛ «ጨርሶ እስኪያወራኝ» ብሎ እየጠበቃችሁ ይሆናል። እንግዲያው ሐሳባችንን ጨርሰናል፤ ስልኩን ገልበጥ አድርጉትና ቀና በሉ።

አሁን ሰው አለ።