መንገድ ዳር ያለ ቦታ፦ ለሱቅ ወይስ ለመኝታ?

ደላላ ቦታ ሲያሳይ አስቀድሞ የሚጠራው ነገር ቢኖር "መንገድ ዳር ነው" የሚለውን ነው። አቀስታም ሆነ መካነ ሰላም፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ነገሩ ያው ነው። ገዢውም ይህን ሲሰማ ዋጋ ጨምሮ ይከፍላል። ለመሆኑ ጭማሪው የሚከፈለው ለምንድን ነው?

መልሱ ቀላል ነው። የሚከፈለው ለአላፊ አግዳሚው ነው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አልፎ ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ የአካባቢው ንግድ የደም ሥር ነው። በጉና ገብሱ በዚያ ይወጣል፤ ስኳሩ፣ ዘይቱና ቆርቆሮው በዚያ ይገባል። በዚህ መንገድ ዳር ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም መጋዘን የሚከፍት ሰው የከፈለው ጭማሪ በሽያጭ ይመለስለታል። መኝታ ቤት ግን ደንበኛ የለውም። ለመኖሪያ ብቻ ብሎ መንገድ ዳር የሚይዝ ሰው የሱቅ ዋጋ ከፍሎ አቧራና ጩኸት ገዛ ማለት ነው።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ጩኸት በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ የጥናት ተቋም ሪፖርትም ከትልልቅ መንገዶች እስከ 300 እና 500 ሜትር ድረስ ያለው አካባቢ በመኪና ጭስ ይበልጥ የሚጠቃ መሆኑን አመልክቷል። "የአቀስታ መንገድ ያን ያህል መኪና የለበትም" ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ቤት የሚሠራው ለዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለ30 እና ለ40 ዓመት ነው። ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጋር የሚያገናኝ መስመር ደግሞ ትራፊኩ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

መንገዱ ሲሰፋስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያሰላው ኪሳራ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረትም ለሕዝብ ጥቅም ቦታው ሲለቀቅ ካሣ የሚሰላው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት፣ ማለትም ለቤቱ፣ ለአጥሩና ለተክሉ ነው። "መንገድ ዳር" ተብሎ ለደላላና ለሻጭ የተከፈለው ጭማሪ በካሣው ሒሳብ ውስጥ የለም። ምትክ ቦታ ቢሰጥም እንደ ቀድሞው መንገድ ዳር ስለመሆኑ ዋስትና የለም። በ2016 በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ስንት የመንገድ ዳር ቤትና ሱቅ እንደተነሳ አንባቢ ያስታውሳል።

የፋብሪካ ጎረቤትነትም የራሱ ሒሳብ አለው። የአቀስታና የመካነ ሰላም ነጋዴ ጥቂት ሲጠራቀምለት ዓይኑን ወደ ኮምቦልቻ ቢጥል አይፈረድበትም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ለሠራተኛ የሚከራይ ክፍል መሥራት ብልህነት ይመስል ነበር። ሆኖም በ2014 ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፤ ፓርኩም ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ወጣች። ፋብሪካ ሲያስነጥስ አከራዩ ጉንፋን ይይዘዋል። ተከራዩን የሚያመጣው ሰፈሩ ሳይሆን ፋብሪካው ነውና።

ጭሱና ፍሳሹ ግን ፋብሪካው እስከሠራ ድረስ አይቀሩም። ወደ ቦርከና በሚገባው የለዮሌ ወንዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮሚየም አግኝተዋል። ከወንዙ በታች ቦታ ይዞ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው በርካሽ የገዛውን ቦታ ኋላ በውኃና በሕክምና ወጪ ይከፍለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብር ከመቆጠሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ገብቶ የከተማውን ፕላን ማየት፤ መንገዱ ወደፊት ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ለምን እንደተመደበ መጠየቅ ይገባል። ቦታውንም ደላላው በመረጠው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በገበያ ቀን፣ በሌሊትና ሲነጋጋ ማየት ያስፈልጋል። በደጋ አገር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ጭሱም እዚያው ይተኛል፤ ቀን ንጹሕ የመሰለው ሰፈር ንጋት ላይ ሌላ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቁት ደግሞ ነባር ጎረቤቶች ናቸው።

አቅም ያለው ሱቁን ከመንገድ ዳር፣ መኖሪያውን ከኋላ ባሉት ሰፈሮች ቢያደርግ ይበጀዋል። አንድ ቦታ ብቻ ያለው፣ ፈቃዱ ከፈቀደለት፣ ሱቁን ከፊት አድርጎ መኝታውን ወደ ጓሮ ያሽሽ። ለመኖሪያ ብቻ የሚፈልግ ግን "መንገድ ዳር ነው" ሲባል ዋጋ መጨመር ሳይሆን ዋጋ ማስቀነስ አለበት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጎረቤት ሆኖ የሚቀረው መንገዱና ፋብሪካው ነው።