ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት

ባለፈው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት ላቦራቶሪ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የመጣ አንድ ናሙና ሠርቼ ነበር። አልቡሚን ዝቅ፣ ብረት ዝቅ። ማሽኑ ከሁለቱም አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አተመ፤ እኔም "ይሄ ሰውዬ ምግብ አንሶታል" ብዬ ደመደምኩ። ፌሪቲኑ ግን ጣሪያ ነክቷል። ብረት ያለቀበት ሰው ፌሪቲን እንዴት ይከመርለታል? መልሱን ያገኘሁት ማታ ዶርም ገብቼ ደብተሬን ስገልጥ ነው፤ ያውም ለፈተና ሸምድጄ በረሳሁት ገጽ ላይ። ውጤቱ ግን ያለ አንዲት ማስታወሻ ሄዷል። ዎርድ ላይ ማን እንዴት እንዳነበበው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ ኢንፌክሽን ሲነሳ ኢንተርሊውኪን 6 ጉበትን ሄፕሲዲን እንዲያመርት ያዘዋል፤ ሄፕሲዲን ደግሞ ብረት ከሴል የሚወጣበትን በር ይዘጋል። ብረቱ አልጠፋም፣ ማክሮፋጅ ውስጥ ተቆልፎበታል። ባክቴሪያም ብረት ስለሚፈልግ መቆለፉ ራሱ መከላከያ ነው። እኛ "አነሰ" ብለን በደም ሥር ብንሰጠው ማንን እየቀለብን ነው? ዚንክም ከደም ወደ ጉበት ይገባል። በፕላዝማ ያለው ዚንክ አብዛኛው አልቡሚን ላይ ታዝሎ የሚሄድ ስለሆነ፣ የደም ሥሮች አፍስሰው አልቡሚን ወደ ቲሹ ሲወጣ ዚንኩም አብሮ ይወርዳል። መዳብ በተቃራኒው ይጨምራል፤ ተሸካሚው ሴሩሎፕላዝሚን በኢንፍላሜሽን ጊዜ ይበዛልና።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የመጣ የአልቡሚን፣ የብረት ወይም የዚንክ ውጤት ያለ ሲ.አር.ፒ. ከላቦራቶሪ መውጣት የለበትም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የግላስጎው ጥናት፣ የዚንክ ውጤት የሚታመነው ሲ.አር.ፒ. በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ሲሆን ነው ይላል፤ ለሴሊኒየም ከ10 በታች። ከፅኑ ሕሙማን ስንቱ ነው ይህን የሚያሟላ?

"ሲ.አር.ፒ. ወጪ ነው፣ ሪኤጀንትም ይጠፋል" የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያልጎደለውን መሙላትስ ወጪ አይደለም? በጀርመን ከ1 ሺህ በላይ የሴፕሲስ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሴሊኒየም በደም ሥር መስጠት ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ቀስቱ ሁልጊዜ ይዋሻል ማለቴ ግን አይደለም። ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ዚንክና መዳብ የምር ያጣል፤ እሱን "ኢንፍላሜሽን ነው" ብሎ ማለፍ ሌላ ጥፋት ነው።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር፤ በዲፓርትመንታችን የመለማመጃ ውጤት ቅጽ ላይ ከአልቡሚን ሥር ለሲ.አር.ፒ. አንድ መስመር ብትጨመርስ፣ መምህራኖቻችን ምን ትላላችሁ?