ድንጋዩን አወድሶ ጠይቡን መናቅ

እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው የጥንቱ ምላጭ በፈረንጅ አገር እንደገና ተወዳጅ ሆኗል። ገንዘብ የተረፈው ሰው ስለቱን ከሰማይ በወደቀ ብረት፣ እጀታውን ከምድር ከጠፋው ማሞዝ ጥርስ ያሠራል። ይህን ወሬ እዚህ መቀሌ ቡና ላይ ባነሣሁ ቁጥር የተማሩ ወዳጆቼ መልስ አንድ ነው፤ «ይሄ ምን ይደንቃል? እኛ እኮ ገና ዱሮ በባልጩት ስንላጭ የኖርን ነን!»

ኩራቱ መሠረት የለውም አልልም። ዩኔስኮ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚያ ስፍራ፣ የጥንት ሰው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት እየፈለጠ ስለት ያወጣ ነበር። የቦታው ስም ራሱ የድንጋዩ ስም ነው። ፈረንጆቹ «ኦብሲዲያን» የሚሉት ቃልም ቢሆን፣ ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ ድንጋዩን በኢትዮጵያ ካገኘ ኦብሲዩስ ከሚባል ሰው የመጣ ነው፤ ፕሊኒ «ኢትዮጵያ» ያለው የትኛውን ምድር እንደሆነ ቢያከራክርም። ጎረቤታችን አክሱምም በስሟ ሳንቲም እያተመች በነበረበት ዘመን የድንጋይ መሣሪያ አልተወችም፤ ሎረል ፊሊፕሰን በ2009 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፈውበታል።

ይሁን፣ እንኩራ። ግን ድንጋይ ብቻውን ስለት አያወጣም። ማን ፈለጠው?

እዚህ ላይ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። በኮንሶና በጋሞ ድንጋይ እየፈለጡ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል። የውጭ ተመራማሪዎች ባሕር ተሻግረው አጠገባቸው ተቀምጠው ተማሩ። ጎረቤቶቻቸው ግን ጋብቻ ነፈጓቸው። የብረት ሠራተኛው ዕጣም ያው ነው። በሰሜኑም ሆነ በመሐል አገር «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባል ኖረ፤ በብዙ ቦታም ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት አልነበረውም።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። «ምላጭ» ከግዕዙ «መላጼ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የተከበረ፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። «ጠይብ» የምንለው ስድብስ? እሱም «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው። ጥበበኛ ማለት ነው እኮ! ቃሉን ወስደን አቆሸሽነውና መልሰን በባለቤቱ ፊት ላይ ወረወርነው። ምላጩን በአክብሮት ስንጠራ የምላጩን አባት በስድብ ጠራነው።

«ይህ የዱሮ ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ አውጥተዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ የቀጥቃጭ ልጅ ሽማግሌ ይላክባችሁና መልሳችሁን እንስማ። ስንት ዲግሪ የጫነ ሰው ነው ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘራቸው እንዴት ነው?» የሚለው? ዲግሪው ለባልጩቱ ነው፤ ለልጁ ጋብቻ የአያቱ ሚዛን ይበቃዋል።

ለመሆኑ የናቅነው ሙያ ምን እንደሆነ እናውቃለን? ጠይቡ ከተጣለ መኪና ባሌስትራ ወስዶ ቢላዋና ማጭድ ያወጣል። ለምን ፌሮ አይወስድም? የግንባታው ፌሮ ለስላሳ ነው፤ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቢያግሉትና ውሃ ቢያጠጡትም እምብዛም አይጠነክርም። ባሌስትራው ግን ይጠነክራል። ከጠነከረ በኋላ ደግሞ እንዳይሰበር መልሶ በልክ ማሞቅ አለ፤ ሙቀቱን የሚለካው ብረቱ ላይ የሚወጣውን ቀለም፣ ገለባ መስሎ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ በዓይኑ እያየ ነው። በዩኒቨርሲቲ ይህ ትምህርት የማቴሪያል ሳይንስ ይባላል፣ ጋዋንም ያስለብሳል። በወናፍ ዳር ሲሆን ግን «ቡዳ» ያሰኛል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የትግራይ ገበሬ መሣሪያው ተዘረፈ፣ ተሰበረ። መንገዱ ተዘግቶ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ሲነጥፍ ማረሻውን ማን ቀጠቀጠለት? ዲግሪያችን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ ምላጭ ልመለስ። ያልተለመደ ምላጭ ከተባለ የእንግሊዙን የማይክል ፋራዴይን የሚያህል የለም። ከስለት ሠሪው ከጄምስ ስቶዳርት ጋር ሆኖ ብረትን ከብር፣ ከፕላቲነምና ከሮዲየም ጋር እያዋሐደ ሞከረ፤ ውጤቱን በ1820 እና በ1822 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ከዚሁ ብረት የተሠራ ምላጭም ለወዳጆቹ በስጦታ ሰጠ። በኋላ የኤሌክትሪክን ሳይንስ የለወጠው ይኸው ሰው የማን ልጅ ነበር? የቀጥቃጭ። ለንደንም እንከን የለሽ ከተማ አልነበረችም፣ ለድሃ ፊቷን ታጠቁር ነበር፤ ቢሆንም ይህን ልጅ «አባትህ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አላለችውም። እኛ ግን ስንቱን ፋራዴይ ከወናፉ ዳር አባረን የአባቱን ሙያ እንዲደብቅ አድርገነዋል?

«ታዲያ በእዳጋ ሰኑይ ቢላዋ እንላጭ ነው የምትለው?» ብሎ የሚያሾፍብኝ አይጠፋም። አይደለም። አንዴ ተላጭተው የሚጥሉት የፋብሪካ ምላጭ ከኤችአይቪ ይጠብቃል፤ በእሱ መላጨቱን ቀጥሉበት። ጉዳዬ የፂም አይደለም። ድንጋይም ሆነ የወዳደቀ ብረት ዋጋ የሚያገኘው በሰው እጅ ነው፤ ያን እጅ አዋርዶ በድንጋዩ መመጻደቅ ውርስ አይሆንም፣ ሌብነት ነው። ባልጩቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ጠይቡንም የእኔ ይበል፤ ልጁንም ይዳርለት። ያን ማድረግ ካልቻለ ድንጋዩን ይተወው፤ እሱም የጠይቡ ነው።